በጓ የማን ናት?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ቢጻፍ፣ ያቺ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ለብቻዋ አንድ ደህና መጽሐፍ ይወጣት ነበር። ሽቅብ ወደ ደሴ ሲወጣ ሰው ዝም ይላል። ሞተሩ ያቃስታል፣ ተሳፋሪውም ስለሚያስፈርመው ወረቀት፣ ስለሚታከመው በሽታ፣ ስለሚከፍለው ዕዳ ያስባል። ቁልቁል ሲወርድ ግን ጉዳዩ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም፤ ስለዚህ አፍ ይፈታል።

እኔ ይሄንን የሰማሁት በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወረድን ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት እናቶች ይጫወታሉ። ጨዋታው የአንደኛዋ ነበር ማለት ይሻላል፤ ሌላዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው "እህ" እያሉ ያዳምጣሉ። ወሬው ስለ ሴፍቲኔት ነው። መዝጋቢዎች መጥተው ማን ምን እንዳለው ሲጽፉ፣ ተናጋሪዋ እናት ያለቻቸውን አንዲት ሴት በግ "የእህቴ ልጅ ንብረት ናት" ብለው አስጽፈዋታል።

"እኔ እንኳ ውሸት ከአፌ አይወጣም" አሉ። "በግ የለኝም ያልኩት ለበጓ ብዬ ነው።"

ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ ያደረገ አንድ ወጣት ግን አልሳቀም። "ይቅርታ እማማ፣ እንዲህ ያለው ነገር እኮ ማጭበርበር ይባላል" አለ። ክፉ ልጅ አይመስልም፤ አነጋገሩም በትሕትና ነው።

እናት ዘወር ብለው አዩት። "ማጭበርበር ምንድን ነው ልጄ? እኔ ማን ኪስ ገባሁ?"

ወጣቱ "የመንግሥት" ሊል ጀምሮ ተወው መሰለኝ። መንግሥት የሚባለው ሰውዬ ኪስ እንዳለው፣ ያ ኪስም የእኒህ እናት እጅ የሚደርስበት ቦታ እንደሆነ ማስረዳት ለሱም ከበደው። ጥያቄው ግን እኔ ላይ ቀረ። ዓመታት አልፈው፣ ጦርነትም መጥቶ ሄዶ፣ አሁንም አልፎ አልፎ ትዝ ይለኛል። እውነት ማን ኪስ ገቡ?

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። ሴፍቲኔት የምንለው፣ በሙሉ ስሙ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የወሎ ሰው አያጣውም። ዝናብ ይቀራል፣ መንግሥት ዓለምን ይለምናል፣ ስንዴው ወደቡ ላይ ተራግፎ፣ ተጭኖ፣ እኛ ዘንድ እስኪደርስ በሬው ተሽጧል፣ የቤቱ ጣውላ ሳይቀር ማገዶ ሆኗል። የ1966ቱ ረሃብ የንጉሡ መንግሥት ሊሸሽገው የሞከረው ረሃብ ነው። የ1977ቱን ደግሞ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በየዓመቱ ልመና ነበር። በ1997 የተባለው ነገር፣ ሲያዩት ቀላል ነው፦ እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ እንደሚራቡ ካወቅን ለምን በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ እንደነግጣለን? ስማቸውን እንጻፍ፣ ወሩን እንወስን፣ መጠኑን እንቁረጥ።

እንዲህ ሆነ። በአምስት ሚሊዮን ገደማ ሰው ተጀምሮ ኋላ ወደ ስምንት ሚሊዮን ደረሰ። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ በወር አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ያረጀ፣ የታመመ፣ ሠራተኛ የሌለው ቤት ሳይሠራ ይቀበላል። ሲጀመር የአንድ ቀን ሒሳብ ስድስት ብር ወይም ሦስት ኪሎ እህል ነበር፤ አምስት ቀን ሲሠራ አሥራ አምስት ኪሎ ማለት ነው። ደሴ ዙሪያና ቃሉ ላይ ተራራው ወገብ ላይ የሚታየው የእርከን መስመር የእነዚህ አምስት አምስት ቀናት ሥራ ነው።

ከኪሎው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። በዚህ አገር ችግረኛ ሰው ሁልጊዜ ደጅ ጠኚ ነበር። የባላባት ደጅ፣ የዳኛ ደጅ፣ የቀበሌ ደጅ፣ የእርዳታ ድርጅት ደጅ። ደጅ መጥናት ማለት የሚገባህን ነገር እንደማይገባህ ሆነህ መጠየቅ ነው። ጎንበስ ትላለህ፣ የጌታውን ፊት ታነባለህ፣ ዛሬ ቁጣ ካለ ነገ ትመለሳለህ። ሴፍቲኔት፣ በወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለችግረኛው "ና ተቀበል፤ ስምህ እዚህ አለ" አለው። ከፍ ያለ ነገር ነው ይሄ። አሥራ አምስት ኪሎ ስንዴ ሰውን አያከብርም፤ ስሙ ተጠርቶ፣ ማንንም ሳያመሰግን፣ ፈርሞ መውሰዱ ግን ያስከብራል።

እንግዲህ የማጭበርበሩን ነገር በዚህ ዓይን እንየው።

የእኛ ሴፍቲኔት አንድ ጠባይ አለው። በሀብታም አገር አንድ ሰው ዋሽቶ ድጎማ ቢወስድ የሚጎድለው ከግምጃ ቤት ነው። መስፈርቱን የሚያሟላ ጎረቤቱ ነገ ቢያመለክት እሱም ያገኛል። እኛ ዘንድ ቁጥሩ ከላይ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ኮታ ነው። ለወረዳው ይህን ያህል ይባላል፣ ወረዳው ለቀበሌ፣ ቀበሌው ለጎጥ ያካፍላል። ለጎጡ ሠላሳ ሰው ደረሰው እንበል። የተቸገረው ሃምሳ ቢሆን ሃያው ውጭ ያድራል። እዚያ ዝርዝር ላይ አንድ የማይገባው ስም ሲገባ ተገፍቶ የሚወጣው አየር አይደለም። ሠላሳ አንደኛ የሚሆን ሰው አለ። ቤቱ ይታወቃል፣ የምድጃው ጭስ ከዚህ ይታያል።

ወጣቱ ያን ቀን ይሄንን ቢል ኖሮ ምን ይመለስለት ነበር እያልኩ አስብና፣ መልሱማ ሳይጠየቅ ተሰጥቶ እንደነበር ትዝ ይለኛል። እናት ዝም ማለቱን ሲያዩ ቀጠሉ፦ "ይቺን ጠይቃት። ስሟ ሳይወጣ ቢቀርባት እኔ አይደለሁ ከድርሻዬ የምሰጣት! በየወሩ ሁለት ጣሳ አላጎድልባትም። ሐሰት ነው?"

አጠገባቸው የተቀመጡት ሴት ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ። "እውነት ነው። አላህ ይክፈላት" አሉ። ይሄን ሲሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

ለካስ ኪሱ እዚያው ጎን ለጎን ተሳፍሯል።

አይፈረድም፤ እኒያን ሴት ከዝርዝሩ ያስወጣቸው የግድ የጎረቤታቸው በግ ላትሆን ትችላለች። የጻፊው ያጎት ልጅ ሊሆን ይችላል። ከሞቱ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ሊሆኑ ይችላሉ። ማን የማንን ቦታ እንደያዘ የሚያውቅ የለም፣ የኮታ ክፋቱም ይሄ ነው። ያስወጣህን ሰው ስለማታውቀው ሁሉንም ትጠረጥራለህ። እኔን የከነከነኝ ግን ሁለቱ ጣሳ ነው። መስጠታቸው ደግነት ነው፣ አልክድም። ሆኖም ሴትዮዋ በስማቸው ሊቀበሉት ይገባ የነበረውን ነገር አሁን "አላህ ይክፈላት" እያሉ ነው የሚቀበሉት። መብት የነበረው ምጽዋት ሆነ። እህሉ ያው እህል ነው፣ ሴትዮዋ ግን እንደገና ደጅ ጠኚ ሆኑ፤ ያውም የጎረቤታቸውን ደጅ፣ በየወሩ።

ስለዚህ ለእናት ጥያቄ መልስ አለኝ፤ ገብተዋል። የገቡትም የመንግሥት ኪስ አይደለም።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን ለእሳቸውም ልከራከርላቸው። ፕሮግራሙ "ሀብት አፍሩ፣ ጥሪት ያዙ" ይላል። እኒህ ሴት ከተቀበሉት ላይ ቆጥበው አንዲት በግ ገዙ። የተባሉትን አደረጉ ማለት ነው። አሁን በጓን ካሳዩ ምን ይመጣል? ምረቃ! በዚህ አገር ሰው የሚሸሸው ምረቃ ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ካባ የለው፣ ፎቶ የለው፣ ሽልማቱ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እህል ማጣት ነው። ደንቡ የሚለው ቤተሰቡ ያለ እርዳታ ዓመቱን ሙሉ ራሱን መመገብ፣ መጠነኛ ችግር ቢመጣበትም መቋቋም ሲችል ይመረቃል ነው። አንዲት በግ ያንን አታደርግም፤ አንድ ደህና ሳል ይዟቸው ሐኪም ቤት ቢሄዱ በጓ አለቀች። ነገር ግን "ይህን ያህል ሰው አስመረቅን" የሚለው ሪፖርት የሥራ መለኪያ በሆነበት ዘመን፣ ሳይደርስ የሚመረቅ ብዙ ነበር። ሰው የፈራው ይሄንን ነው። የእናት ውሸት ስግብግብነት ብቻ አይደለም፤ "ነገ ብወድቅ አታነሱኝም" የሚል አለመተማመን ነው። አለመተማመኑ ትክክል ነው። ውሸቱ ትክክል አይደለም። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አሁን ደግሞ ብዕር ወደያዘው ሰው እንሂድ፤ ምክንያቱም ስለ ማጭበርበር በተነሳ ቁጥር ዓይናችን በግ ወደ ደበቀችው ሴት የሚሮጠው፣ እሷን መያዝ ስለሚቀል ነው። የበጓ ሴት የምትወስደው የራሷን ድርሻ ነው፣ ሲበዛም የአንድ ሰው። ብዕር የያዘው ሰው ግን የዝርዝሩ ጌታ ነው። እዚህ አካባቢ ኖሮ የሚከተለውን ዓይነት ታሪክ ያልሰማ የለም። የሞተ ሰው ይቀበላል። ጂዳ የሄደች ልጅ እርከን ስትሠራ በፊርማ ትገኛለች። ከሃምሳ ኪሎ ከረጢት ላይ "ለማራገፊያ" እየተባለ አንድ ጣሳ ትነሳለች፣ ያቺ ጣሳ በሦስት መቶ ሰው ስትባዛ የት እንደምትደርስ የሚጠይቅ የለም።

ይሄም ቢሆን የእህል ጉዳይ ነው። የከፋው "ስምህን እሰርዘዋለሁ" የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። በዚች ዓረፍተ ነገር መዋጮ ይሰበሰባል፣ ስብሰባ ይሞላል፣ ቅሬታ ያለው ሰው አፉን ይይዛል። ዝርዝር ቀርቶ ጅራፍ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ኪሎ ባይሰርቅ እንኳ ከሌባ አላሳንሰውም፤ ፕሮግራሙ ያመጣውን ትልቁን ነገር፣ ማንንም ሳያመሰግኑ የመቀበልን ነገር፣ ወስዶታል።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ብዙ ሰው የሙስና ፈቃድ አድርጎ ያነበዋል። እኔ ደግሞ የኑሮ ሒሳብ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ሹመቱ ደመወዝ አልነበረውም፣ ሹሙ ከሕዝቡ ይብላ ተብሎ ነበር የሚሰደደው። ዛሬም ዝርዝሩን የሚያወጡት፣ የሚመዝኑት፣ የሚያስማሙት የጎጥና የማኅበረሰብ ኮሚቴ አባላት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በነፃ ነው። ራሳቸውም ገበሬ ናቸው፤ ስብሰባ የዋሉበት ቀን እርሻቸው ጦም ያድራል። የዘካን ሥርዓት ያስቀመጠው ሕግ እዚህ ላይ ይበልጠናል። ቁርኣን ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል የሚሰበስቡትን ሠራተኞች በግልጽ ቆጥሯቸዋል። የሚሠራው ሰው ድርሻው በአደባባይ ታውቆ ከተሰጠው፣ ከዚያ በላይ የነካው ሁሉ ስርቆት መሆኑን ራሱም ያውቃል፣ አየነው ለማለትም ይቀላል። እኛ ግን ያለ ደመወዝ የሰው ሆድ ቁልፍ እንሰጠውና፣ እጁን ሲያስገባ እንገረማለን።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ግን ማካፈል ነው።

በወሎ ብዙ ቦታ፣ ከሴፍቲኔት በፊት በነበረው የእርዳታ ስንዴም ሆነ ኋላ፣ ለሠላሳ የመጣው ለሃምሳ ሲካፈል ኖሯል። በደንቡ ጥፋት ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተለካው ምግብ ለሁለት ሲከፈል ማንንም አያጠግብም፣ የተባለውም ዓላማ ይቀራል፣ ሒሳቡም ሐሰት ይሆናል፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ አሥራ አምስት ኪሎ ተብሎ የተፈረመው እቤት የገባው ስምንት ነው። አንድ ሽማግሌ ይሄንን ስነግራቸው "ታዲያ ሁላችንም ተርበን ሳለ ሃያውን እያዩ መብላት ነው ደንቡ?" አሉኝ። ምን ይመለሳል? እውነት ለመናገር ደንቡን የጻፈው ሰው አንድ ጎጥ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። በዚያ መንደር ሠላሳኛውንና ሠላሳ አንደኛውን ሰው የሚለይ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት ዶሮ ነው።

ግን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። ከሠላሳው መሀል በሬ የሌለው አለ፤ እንዲያውም ብዙዎቹ የላቸውም፣ ችግረኛ የተባሉትም በዚሁ ነው። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን የሚያርስለት ባለ በሬው ነው፣ በእኩል ወይም በሌላ ውል። ባለ በሬው ደግሞ ዝርዝሩ ላይ አልወጣም። ስንዴው የመጣ ቀን ዛፍ ሥር "ተካፈሉ" ሲባል ያ ምስኪን እሺ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። መነቅነቁን ፈቃድ እንበለው? እምቢ ቢል ሰኔ ሲገባ ማን ያርስለታል? በሌላ በኩል ደግሞ በመካፈሉ የገዛው ነገር አለ፤ ሲታመም የሚሸከመው ሰው፣ ሲሞት የሚቆፍርለት ሰው። ሴፍቲኔቱ ነገ ሊቋረጥ ይችላል፤ ጎረቤት ግን አለ።

እኔ እዚህ ላይ የምይዘው መስመር አንድ ነው። በአደባባይ፣ የደከመው ሰው መጀመሪያ ተናግሮ፣ ስንት ለማን እንደሄደ ተቆጥሮ የተካፈለ ከሆነ፣ ደንብ ቢጥስም ማጭበርበር አልለውም። በጓዳ ተመክሮ፣ ምስኪኑ በፊርማው ብቻ የተገኘበት ከሆነ ግን፣ ስሙ መካፈል ቢሆንም ያው ነጠቃ ነው። መስመሩ ቀጭን ነው፣ አውቃለሁ።

ኮምቦልቻ ሆኖ ስለ እህል የሚጽፍ ሰው መጋዘኖቹን ሳይጠቅስ አያልፍም። ከተማችን የሰሜኑ እርዳታ ማከማቻ ናት፤ ሕፃን ሆነን የምናውቀው የከባድ መኪና ሰልፍና የከረጢት ሽታ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደረሰና ደሴና ኮምቦልቻ ለአምስት ሳምንት ያህል በትግራይ ኃይሎች እጅ ሆኑ። ተባበሩት መንግሥታት በኅዳር ማብቂያ ባወጣው መግለጫ፣ በጥቂቱ የተጀመረው ስርቆት ወደ ጅምላ ዘረፋ ማደጉን፣ በዘረፋው ከትግራይ ኃይሎች በተጨማሪ ከአካባቢው ነዋሪም የተሳተፉ እንዳሉ፣ ለተጎሳቆሉ ሕፃናት የተዘጋጀው ምግብ ሳይቀር መወሰዱን ተናግሯል። የዓለም የምግብ ፕሮግራምም በሁለቱ ከተሞች እደላውን አቆመ።

"ከአካባቢው ነዋሪም" የምትለዋን ቃል ብዙዎቻችን ቶሎ አልፈናታል። ስለ ሌሎቹ ስናወራ ድምፃችን ይጎላል፣ እዚች ጋ ስንደርስ ይቀንሳል። ሥርዓት በፈረሰበት ከተማ፣ ልጁ ያልበላ ሰው ከረጢት ተሸክሞ ሲሮጥ ሌባ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። ግን የሕፃናቱ ምግብ ላይ ስደርስ ይቸግረኛል። እሱ ሠላሳ አንደኛ ሰው አለው፤ ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው፣ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አቤት አይልም።

ከዚያ 2015 መጣ። በሰኔ የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ፣ አስከትሎም የዓለም የምግብ ፕሮግራም፣ ቀደም ሲል በትግራይ ብቻ አቁመውት የነበረውን የምግብ እርዳታ በመላ ኢትዮጵያ አቆሙ። እህሉ በሰፊውና በተቀነባበረ መንገድ ከተረጂው እየተወሰደ ነው አለ ዩኤስኤአይዲ። መንግሥት አብሬ እመረምራለሁ ብሎ፣ መቆሙን ግን ተቃወመ። በዚያን ጊዜ ምግብ የሚያስፈልገው ሕዝብ ሃያ ሚሊዮን ገደማ ይባል ነበር። ከሌላ አገር ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ሳይቀሩ ተቋረጠባቸው። ለስደተኞቹ በ2016 መጀመሪያ፣ ለሌላው በታኅሣሥ አካባቢ ተመለሰ። በጥር 2016 የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ባለፉት ወራት ወደ አራት መቶ የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። ድርቁም ጦርነቱም ነበሩበትና የእርዳታው መቆም ብቻውን ገደላቸው አልልም። ዩኤስኤአይዲም ራሱ በ2017 ተዘግቷል፣ የሚጠየቅ የለም።

ግን ሐሳቡን እንመርምረው። ሌባው ከበዛ ለሁሉም ይቁም የሚለው ክርክር ከሩቅ ሲሰማ ጥንካሬ አለው፤ እየተሰረቀ መላክ ሌባውን መቀለብ ነው። ነገር ግን እህሉ ሲቆም የተጎዳው ማን ነው? ዱቄት ፋብሪካ የሚሸጠው ነጋዴ ሌላ ሥራ አያጣም። መኪና የሚያስጭነው ባለሥልጣን ቤቱ ምሳ አለ። የተራበው ተረጂ ነው፤ መጀመሪያ በሌባው፣ ቀጥሎ ሌባውን በሚያሳድደው፣ ሁለቴ ከዝርዝር ወጣ። ሁለቱም አልጠየቁትም።

ይሄ የእኛ የድሆቹ ብቻ ጉድ እንዳይመስለን። በኔዘርላንድስ ለልጅ መዋያ የሚሰጠውን ድጎማ አጭበርብራችኋል ተብለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች፣ ብዙዎቹ የውጭ ዝርያ ያላቸው፣ ያልበሉትን ዕዳ እንዲከፍሉ ተደረገ። ቤት የሸጡ፣ ትዳር የፈታባቸው አሉ። ጉዱ ሲወጣ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 መንግሥቱ በሙሉ ሥልጣን ለቀቀ። አውስትራሊያም ኮምፒውተር የዓመት ገቢን በየሁለት ሳምንቱ አማካይ እያካፈለ "ይህን ያህል ዕዳ አለብህ" የሚል ደብዳቤ ለችግረኛ ሲልክ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የምርመራ ኮሚሽን ሪፖርት ነገሩን ከሥሩ አወገዘው። እነዚህ አገሮች ገንዘብም ሥርዓትም አላቸው። ያጡት አንድ ነገር ነው፤ ዕዳ ነው የተባለው ሰው "አይደለም" ሲል የሚሰማ ጆሮ። ድሃን ሁሉ ሌባ አድርጎ የሚጀምር ቁጥጥር፣ የሚይዘው ሌባ እንኳ ቢኖር፣ ሐቀኛውን ደጅ ጠኚ አድርጎ ነው።

ታዲያ ይተው? ይሰረቅ? አይደለም። መልሱ ግን ከሩቅ አይመጣም፤ ወሎ ውስጥ በየመንደሩ የተቀመጠ ነገር አለ፣ ቅሬ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። ቅሬ ውስጥ ሌብነት የለም አልልም። ግን ያን ያህል ገንዘብና ዕቃ፣ ያን ያህል ዓመት፣ ያለ ኦዲተርና ያለ ፖሊስ እንዴት ቆየ? የቅሬው ሰው ከሌላው የተሻለ ጻድቅ ስለሆነ አይመስለኝም። የከፈለ፣ ያልከፈለ፣ የተቀጣ፣ ዕቃ የጎደለው፣ ሁሉም ሰው በተሰበሰበበት ስሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል። በቅሬ ሞቶ የማያውቅ ሰው ሞተ ተብሎ ገንዘብ አይወጣም፤ ሬሳውን የተሸከምነው እኛው ነን። በሴፍቲኔት ግን የሞተ ሰው ይፈርማል።

በደንቡ የሴፍቲኔት ዝርዝርም በአደባባይ መነበብ፣ መለጠፍ አለበት። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም አለው። ጥሩ ነው፤ ሲሠራ። ብዙ ጊዜ ግን ቅሬታ የሚቀርብበት ሰውና ቅሬታ ሰሚው አብረው ቡና ይጠጣሉ፣ የሚነበበውም ከተነበበ የገቡት ስም ብቻ ነው። እኔ ብጠየቅ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ የቀሩትም ስም ይነበብ። "እገሊት ችግረኛ ናት፣ ኮታ አልበቃም፣ ወጥታለች" ይባል፤ ሰው ሁሉ ባለበት፣ እሷም ባለችበት። የሞተው ሽማግሌ ስም ከተነበበ በኋላ የእሷ ስም ሲከተል፣ ያቺን የምታህል ጸጥታ ተናግሮ የማያውቀውን ሰው ታናግራለች። በጓን የደበቀችውም እናት ዝም ብላ ትቀመጣለች ብዬ አላስብም።

ይሄ ለከተማ አይሆንም፣ አውቃለሁ። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ከተሞች አንዷ ነበረች። ግቢ ተከራይቶ በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር ሰው የጎረቤቱን ሀብት ከየት ያውቃል? እዚያ ካርድና ባንክ የግድ ይሆናሉ። ይሁኑ፤ ጣቱ አሻራ ያልሰጠለትን የቀን ሠራተኛ ግን ወደ ቤቱ ከመመለስ በፊት ቀና ብሎ የሚያይ አንድ ሰው መስኮቱ ጋ ይኑር።

ወደ ሚኒባሱ ልመለስ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስንደርስ የእናትን ዘንቢል አወረድኩላቸው። ነገሩ አላስችል ብሎኝ "በጓ ደህና ናት?" አልኳቸው።

"አርግዛለች" አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። "ሆዷን ብታየው መንታ ነው የያዘች።"

"ሁለት ከሆኑማ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"አንዷን ለዚህች በርቢ እሰጣታለሁ። እሷም ጥሪት ትያዝ እንጂ።"

ጎረቤቲቱ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "ተይኝ እትዬ!" አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ። "የዘንድሮው ምልመላ ሳያልፍ በስሜ እንዳትይ።"